ላፕቶፕ ይዞ ጋራዥ ለገባ ልጅ

ልጄ፣ ላፕቶፕና ኬብል መግዛትህን ሰማሁ፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ሙያውን የጀመርኩት በካርቡራተር ዘመን ነው። የሞተርን ሕመም በጆሯችንና በካንዴላው ቀለም ነበር የምናውቀው። ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ ያውም በኪሳራ። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ያ ኪሳራ ያስተማረኝን ነው። ቁጥር የሰጠሁት ሲቸግርህ ፈልገህ እንድታገኘው ብዬ ነው።

1. ሶኬቷ ለምን እንደተሠራች እወቅ። ከመሪው ሥር ያለችው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ለእኔና ለአንተ ተብላ አልተሠራችም። የወለዳት ጭስ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ተቆጣጣሪ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያቸውን ራሳቸው እንዲፈትሹ አዘዘ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሶኬትና አንድ ዓይነት የኮድ አጻጻፍ እንዲኖረው ግድ ሆነ። አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች፤ ናፍጣው ትንሽ ቆይቶ መጣ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን የነገርኩህ ለወግ አይደለም። ርካሹ መሣሪያ አንብቦ የሚነግርህ ሕጉ ያስገደደውን ብቻ ነው፤ ሞተርንና ጭስን። የኤርባግ ወይም የኤቢኤስ መብራት በርቶ የመጣን ደንበኛ «ኮምፒውተሩ ምንም የለም ይላል» ብለህ እንዳትሸኘው። የኤርባጉን ኮምፒውተር መቼ ጠየቅኸውና! የከተማችን ቶዮታ ቪትዞችም ብዙዎቹ ለጃፓን መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሶኬቱ ይገጥማል፣ መብራቱም ይበራል፤ ቋንቋው ግን የቶዮታ የራሱ ስለሆነ ኢኤልኤም 327 የሚባለው ተራው ርካሽ መሣሪያ መገናኘት አልቻልኩም ይልሃል። መኪናዋም መሣሪያህም አልተበላሹም። ለእነዚህ ቴክስትሪም የሚባለውን የቶዮታ ፕሮግራምና የሱን ኬብል ያዝ። የዚያ ኬብል ርካሹ ቅጂ አዲስ ላፕቶፕ ላይ እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁና ዊንዶውስ ኤክስፒ የጫነ አሮጌ ላፕቶፕ ብታገኝ አትናቀው።

2. ከመሰካትህ በፊት ቴስተርህን አውጣ። መሣሪያው መብራት ካልሰጠ ልጆቹ ወዲያው «ኢሲዩው ተቃጥሏል» ይላሉ፤ ቀጥሎም ይህን የሞተር ኮምፒውተር ፍለጋ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይወረዳል። ቀስ በል። 16ኛዋ ቀዳዳ ከባትሪው ቀጥታ 12 ቮልት የሚመጣባት ናት፤ 4ኛዋና 5ኛዋ ኔጌቲቭ ናቸው። በ16 እና በ4 መካከል ለካ። ባዶ ከሆነ ፊውዙን እይ። በብዙ መኪና የዚህች ሶኬት ፊውዝ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ጋር የጋራ ነው። ሾፌሩ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ፊውዙን ያቃጥላል፣ አንተ ደግሞ ኢሲዩ ትፈልጋለህ።

መብራቱ ኖሮ ንግግሩ ከጠፋ፣ መኪናዋ አሜሪካኖቹ ከ2008 ጀምሮ ግድ ያደረጉት ካን የሚባለው መስመር ካላት የባትሪውን ራስ ፍታና በ6 እና በ14 መካከል በኦም ለካ። 60 ገደማ ማለት አለበት፤ በመስመሩ ሁለት ጫፍ ሁለት 120 ኦም ስላለ ነው። 120 ካለህ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል። አዳዲሶቹ መኪኖች ሶኬቷንና መስመሩን የሚለይ ሌላ ኮምፒውተር መሃል ላይ ስላላቸው እዚያ ይህ ልኬት ላይሠራልህ ይችላል። በቆዩት ላይ ግን ስንት ጊዜ ከውርደት አውጥቶኛል!

3. ኮዱ የዕቃ ስም አይደለም። ፒ0171 ሲመጣ ድብልቁ ሳስቷል፣ ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። ይህን የሚናገረው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ሴንሰሩን ይቀይራል። እኔም ቀይሬ አውቃለሁ። ሴንሰሩ ግን ጤነኛ ነበር፤ ያየውን ነው የተናገረው። ጥፋቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ላይ ነበር፣ ያውም ከሥር በኩል።

ፊውል ትሪም የሚለውን ቁጥር ማንበብ ተማር። ኮምፒውተሩ ከተሰጠው ቀመር ላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚነግርህ እሱ ነው። በሚኒሞ 20 በመቶ ጨምሮ፣ ሞተሩን ወደ 2,500 ዙር ስታወጣው ወደ 4 ወይም 5 የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር ይሰርቃል። በሚኒሞ ብዙ አየር ስለማይገባ ትንሿ ስንጥቅ ጎልታ ትታያለች፤ ዙሩ ሲጨምር ትዋጣለች። በተቃራኒው ዳገት ላይ ጉልበት ሲጠየቅ የሚጨምር ከሆነ ወደ ነዳጅ ፓምፑና ወደ ፊልትሮው ሂድ፣ የአየር መለኪያውንም አጽዳ። በአንዲት ቁጥር ሁለት ቦታ ትለያለህ፤ ዕቃ ሳትገዛ።

4. ቁጥሩን ከቆምክበት መሬት ጋር አንብበው። ይህን የምጽፈው ለልቤ የቀረበ ስለሆነ ረዘም ይላል፤ ታገሠኝ።

ከዓመታት በፊት አንዲት መኪና ጉልበት አጥታ መጣችልኝ። ሰካሁ። ቁልፍ ከፍቼ ሞተር ሳላስነሳ የአየር ግፊት የሚለካውን ማፕ ሴንሰር አየሁት፤ 76 ኪሎፓስካል ይላል። የውጭ አገሩ መጽሐፍ ደግሞ ሞተር ሳይነሳ 100 ገደማ መሆን አለበት ይላል። አገኘሁት ብዬ ሶማሌ ተራ ሄጄ አንድ ሴንሰር ገዛሁ። ገጠምኩ፤ 76። የሸጠልኝን ሰው ረግሜ ሌላ ገዛሁ፤ 76። ሦስተኛውን ልገዛ ስል ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋራዡ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር። «ጋሼ፣ ቆላ ስንወርድ እኮ መኪናው ሁሉ ጎረምሳ ነው» አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቼ አጠገቧ የቆመችውን ጤነኛ መኪና ሰካሁና አየሁ። እሷም 76!

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳር ላለ ሰው ነው። ያው መኪና ጅቡቲ ወደብ ቢቆም 101 ገደማ ባለ ነበር። አዳማ ብትወርድ 83 ገደማ ታያለህ፤ እንጦጦ ጫፍ ብትወጣ ወደ 70 ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከተማ ውስጥ ከሚተነፍሰው አየር ሩቡን ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው። ዕቃ ስለቀየርክ ያ አይመለስም። የዚያች መኪና በሽታ የተሰነጠቀ ቦቢና ነበር፤ በ20 ደቂቃ አለቀ። የሁለቱን ሴንሰር ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ደንበኛዬን ላስከፍል አልቻልኩም፤ አፍሬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቁጥር ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው «መጽሐፉ ምን ይላል?» ብቻ ሳይሆን «ጎረቤቷ ጤነኛ መኪና ምን ትላለች?» ብዬም ነው።

5. ሳትጽፍ አትሰርዝ። ኮድ መሰረዝ ደስ ይላል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ደንበኛው ይስቃል። ነገር ግን ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ አብሮ የያዘው የዚያች ቅጽበት ፎቶ አለ፤ ፍጥነቱ፣ የሞተሩ ሙቀት፣ ዙሩ። ስትሰርዝ እሱም ይጠፋል። «ጠዋት ብርድ ላይ ብቻ ነው የምታስቸግረኝ» የሚልህ ሰው እውነቱን ይሁን አይሁን የሚነግርህ ያ ፎቶ ነበር።

6. መኪና ሊገዛ ያለ ሰው ይዞህ ሲሄድ። መጀመሪያ ላፕቶፑን አትክፈት፤ ቁልፉን ክፈትና የቼክ ኢንጅን መብራቱ ይበራ እንደሆነ እይ። ሞተር ሳይነሳ መብራት አለበት። ካልበራ ወይ አምፖሉ ሞቷል፣ ወይ አንድ ብልጥ ነቅሎታል። ከዚያ ሰካ። ኮድ የለም ቢልህ አትመን፤ ራስን የመፈተሽ ሥራዎቹ ተጠናቀዋል ወይስ አልተጠናቀቁም የሚለውን ገጽ ክፈት። ኮድ ሲሰረዝ፣ በብዙ መኪናም ባትሪ ሲፈታ፣ አብዛኞቹ ወደ «አልተጠናቀቀም» ይመለሳሉ፤ እስኪሞሉ ደግሞ ጥቂት ቀን መነዳት ይፈልጋሉ። አንዳንድ መኪና ኮዱ ከተሰረዘ ወዲህ ስንት ኪሎሜትር እንደሄደች ጭምር ትናገራለች። «ሁለት ዓመት ምንም ሳታስቸግረኝ ነዳኋት» የተባለች መኪና 3 ኪሎሜትር ስትልህ፣ ሻጩን በሰው ፊት አታዋርደው። ገዢውን ወደ ጎን ጥራና በጆሮው ንገረው።

7. የጭነት መኪና ላይ ጥንቃቄ። ሲኖትራኩና መሰሎቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ለቤት መኪና የተሠራ ርካሽ መሣሪያ እዚያ ስትሰካው ሊቃጠልብህ ይችላል። ሶኬቱም የተለየ ሊሆን ይችላል። አገናኝ ሽቦ ሠርተህ ከማስገደድህ በፊት መሣሪያህ 24 እንደሚችል ጀርባው ላይ አንብብ።

8. ማንበብና መጻፍ አንድ አይደሉም። ኮድ ማንበብ አይገድልም። የኢሲዩን ፕሮግራም መቀየር ግን መሃል ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩን ድንጋይ ሊያደርገው ይችላል። ደካማ ባትሪ፣ የሚወዛወዝ ኬብል፣ ድንገት የሚጠፋ መብራት፤ ሦስቱም እኛ ጋ አሉ። ባትሪውን የሚደግፍ ቻርጀር ከሌለህ አትጀምር። ላፕቶፕህም ሙሉ ይሁን። መኪና ላይ ብየዳ የሚያስገባ ሰው ካለም የባትሪውን ራስ ሳይፈታ አታስጀምረው። አንድ ማርሚታ ለመበየድ ተብሎ ኢሲዩ ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ፤ በያጁ እስከ ዛሬ እኔ አይደለሁም ይላል።

9. የኤሌክትሪኮቹ ጊዜ። መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚመጣልህ ሌላ ዓይነት መኪና ነው። ሶኬቱን ልታገኝ ትችላለህ፤ የባትሪውን ነገር ግን መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ከአምራቹ ፕሮግራም ጋር ብቻ ነው። ብርቱካንማ ሽቦ ካየህ እጅህን ሰብስብ። እሱ 12 ቮልት አይደለም፤ በብዙዎቹ 400 ገደማ ነው። ሥልጠናና ጓንት ሳይኖርህ አትንካው፤ ደንበኛ ቢለምንህም፣ ገንዘብ ቢጨምርልህም።

10. ደብተር ያዝ። ታማሚ መኪና ብቻ አትስካ። ለዘይት ቅያሪ የመጣችውን ጤነኛ መኪናም ባለቤቷን አስፈቅደህ ሰካና ቁጥሮቿን ጻፍ፤ በሚኒሞ ስንት ዙር፣ ማፑ ስንት፣ ትሪሙ ስንት፣ ቻርጁ ስንት ቮልት። ሞዴሉንና የቆመችበትን ከተማም ጨምርበት። የእኔን ደብተር ጋራዡ ጥግ ካለው ሰማያዊ ቁም ሳጥን ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ታገኘዋለህ፤ ቁልፉ እትዬ ጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ዘይት ጠጥተዋልና ወደ ብርሃን አዙረህ አንብባቸው። የሁለቱ ሴንሰሮች ደረሰኝም እዚያው ውስጥ አለ፤ እሱን አትጣለው።