እርማት፤ ስለ ገና ዛፍ የብርጭቆ ኳስ

ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት መካከል ለሕፃናት ክፍል ትምህርት እንድሰጥ ተመድቤ ነበር። ርእሱ ስለ ልደት በዓል አከባበር ሲሆን፣ በትምህርቱ ፍጻሜ ላይ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «የገና ዛፍ ቤት ውስጥ ማቆም ይቻላል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ጥቂት እንኳ ሳላመነታ፣ የገና ዛፍ የአረማውያን ነው፤ የሚንጠለጠሉበትም ኳሶች ትርጉም የሌላቸው የነጋዴ ብልጭልጭ ናቸው ብዬ መለስኩለት። ልጆቹ ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዷ የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ታናሽ እኅቴ ነበረች።

በዚያን ጊዜ ትዝ ያላለኝ ነገር፣ በዚያው ሳምንት አክስታችን ከአሜሪካ ስትመጣ ለእኅቴ ያመጣችላት ካርቶን ነው። በካርቶኑ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ባዶ የብርጭቆ ኳሶች ነበሩ፤ ቀለም ያልተቀቡ፣ ወዲያና ወዲህ የሚያሳዩ፣ የገዛቸው ሰው እንደ ወደደ አስጊጦ እንዲሰቅላቸው ተብለው የሚሸጡ ናቸው። እኅቴም ለጓደኞቿ «እኛ ቤት ኑና አብረን እንሠራለን» ብላ ነግራቸው ኖሯል። ከዚያ ትምህርት በኋላ ካርቶኑን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው፤ እርሷም «ራሴን ያመኛል» እያለች ሦስት እሑድ ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀረች። እናቴ ነገሩን በተረዳች ጊዜ «ለልጆቹ የነገርካቸውን መርምረህ ነው ወይስ ሲባል ሰምተህ?» አለችኝ። ሲባል ሰምቼ ነበር። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ አንብቤ ያገኘሁትንና ዘንድሮ ከእኅቴ ጋር በእጃችን ሠርተን ያየነውን የያዘ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዛፉ ልናገር። ልማዱ የመጣው ጀርመንኛ ከሚነገርበት አገር ሲሆን፣ በጽሑፍ የሚገኘውም ታሪኩ የሚጀምረው ከክርስቲያን ከተሞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1605 ስለ ስትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ፣ ሰዎች በገና ሰሞን በቤታቸው ጥድ እንደሚያቆሙ፣ በላዩም ከባለ ብዙ ቀለም ወረቀት የተሠሩ ጽጌረዳዎች፣ ፖም፣ ስስ ቂጣ፣ የወርቅ ወረቀትና ስኳር እንደሚሰቅሉ ይናገራል።

ፖሙን ልብ በሉልኝ። በመካከለኛው ዘመን በዚያ አገር የልደት ዋዜማ፣ ማለት ዲሴምበር 24፣ የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ነበር። በዚያ ቀን ስለ ገነት በሚታየው መንፈሳዊ ተውኔት ፖም የተንጠለጠለበት ዛፍ በመድረኩ መካከል ይቆም ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የገና ዛፍ ከዚህ እንደ ተወለደ ያስረዳሉ። ስለዚህ ኳሱ ኳስ ከመሆኑ በፊት ፍሬ ነበረ፤ ያውም የዚያች የተከለከለችው ዛፍ ፍሬ። እኛ ዕፀ በለስ እንላለን እንጂ ፖም አንልም፤ ይህ ልዩነት ይኑር። ነገር ግን አዳም ከገነት ሲወጣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን የተሰጠውን ተስፋ፣ አንዱም ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ 5500 ዘመን መሆኑን ከእኛ መካከል ያልተማረ የለም። የልደትን ነገር ስናነሣ አዳምን ሳናነሣ የማንቀረውም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ እኔ ትርጉም የለውም ብዬ በልጆች ፊት የናቅኩት ጌጥ ያንኑ ታሪክ በሌላ አገር ልማድ የሚያስታውስ ሆኖ አገኘሁት።

ይህን ስል ዛፉ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው ማለቴ አይደለም። በበዓሉ ሌሊት ማኅሌቱንና ቅዳሴውን ትቶ ቤቱ ኳስ ሲሰቅል የሚያድር ሰው ቢኖር አሁንም እገሥጸዋለሁ። የተሳሳትኩት «የእኛ ልማድ አይደለም» ማለት ሲበቃኝ የማላውቀውን ታሪክ በመጨመሬ ነው።

ታዲያ ፖሙ እንዴት ብርጭቆ ሆነ? በጀርመን አገር በቱሪንጊያ ተራሮች መካከል ላውሻ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የብርጭቆ ሥራ የተጀመረባት እ.ኤ.አ. በ1597 ነው። አንድ ድኻ ብርጭቆ ነፊ ለልጆቹ ዛፍ ፖምና ለውዝ መግዛት ቢያቅተው ከብርጭቆ ነፍቶ ሠራ ተብሎ ይተረካል። ተረት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የገና ዛፍ ኳስ ትእዛዝ በዚያች ከተማ የሥራ መዝገብ ላይ በ1848 ተጽፎ ይገኛል። ሥራው የቤተ ሰብ ሥራ ነበር። አባት በእሳቱ ፊት ተቀምጦ ይነፋል፤ እናትና ልጆች ውስጡን ያብለጨልጫሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ክዳን ይገጥማሉ። ሴቶቹም የተጠናቀቀውን በትልልቅ ቅርጫት አዝለው ዞንበርግ ወደሚባለው ከተማ ለነጋዴዎች ያደርሱ ነበር። «የነጋዴ ብልጭልጭ» ስል እነዚህን ቅርጫት ተሸካሚ እናቶች አላሰብኳቸውም ነበር።

ብልጭልጩ ከብርጭቆው እንዳልሆነ ማወቅም ይጠቅማል። ብርጭቆው ራሱ ባዶና ጥርት ያለ ነው፤ በመጀመሪያ እርሳስን የመሰሉ ማዕድናት፣ ከ1870ዎቹ ወዲህ ደግሞ የብር ናይትሬት ውስጡ እየተጨመረ እንደ መስተዋት እንዲያንጸባርቅ ይደረግ ነበር። በ1939 ጦርነት ሲነሣ የጀርመን ኳስ ወደ አሜሪካ መግባቱ እየተቋረጠ ሄደ። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ የብርጭቆ ኩባንያ አምፖል በሚነፋበት ማሽን የገና ኳስ ይነፋ ጀመር። ቆይቶም ማዕድን ለጦርነቱ ሲፈለግ ብሩ ቀረ፤ የቆርቆሮው ክዳንም በወረቀት ተተካ፤ ኳሱም ጥቂት የቀለም መስመር ብቻ ተሰምሮበት ባዶውን ለገበያ ቀረበ። አክስታችን ያመጣችውን የመሰለ ጥርት ያለ ኳስ ያን ጊዜ በየቤቱ የተሰቀለው እንግዲህ በችግር ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ልለፍ። ኳሱ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ብርጭቆው እጅግ ስስ ስለሆነ እንደ እንቁላል መያዝ ይገባል። ከአናቱ የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ ክዳኑን የያዘው ሁለት እግር ያለው ሽቦ ነው። ሽቦውን በሁለት ጣት ጨምቆ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መሳብ ነው እንጂ እንደ ጠርሙስ ክዳን ማዞር አይገባም። እኔ አዙሬ አንዱን ከአንገቱ ላይ ሰበርኩት። አፉ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ይህን የሥራ ክፍል ለሕፃን አትስጡ።

ቀጥሎ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ውጭውን መወልወል ነው፤ የጣት ወዝ ያለበት ብርጭቆ ቀለም አይዝምና። ከተወለወለ በኋላ አንገቱን ብቻ ይዛችሁ ሥሩ። ሲቀመጥ እንዳይንከባለል ብዙ መላ ሞክረን ነበር፤ በመጨረሻ እኅቴ የቡና ስኒ አመጣች። ኳሱ በስኒ አፍ ላይ ልክ ገጥሞ ይቀመጣል፤ ተገልብጦ ሲደርቅም አንገቱ ወደ ስኒው ውስጥ ይገባል።

ውስጡን መቀባት የሚፈልግ አክሪሊክ የሚባለውን ቀለም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨምሮ ኳሱን ቀስ እያለ ያዟዙረው፤ ቀለሙ በራሱ ጊዜ ተንሸራትቶ ይሸፍነዋል። ብሩሽ አያስፈልግም፤ መነቅነቅም አይገባም። የተረፈው ቀለም እንዲንጠባጠብ አፉን ወደ ታች ደፍቶ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ነው። ቀለሙን በውሃ ብዙ ያቀጠነ ሰው መስመር መስመር ይወጣበታል፤ ብዙ ያፈሰሰ ደግሞ ሲደርቅ ይላጥበታል፤ ሳይደርቅ የከደነም እንዲሁ። የእኛ የመጀመሪያው ቀይ ኳስ እንደ ተላጠ ቲማቲም ሆኖ እኅቴ እስክትደክም ድረስ ስቃለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አብረን ስንስቅ ያን ቀን ነው።

በውጭው ላይ ለመጻፍ የጥፍር ቀለም ከሁሉ ይልቅ ብርጭቆ ላይ ይይዛል፤ በየሱቁም አይጠፋም። ሽታው ራስ ስለሚያዞር መስኮት ክፈቱ። በክብ ነገር ላይ ፊደል ሲጻፍ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳልና፣ የብር ማሰሪያ ላስቲክ በኳሱ ወገብ ላይ አድርጎ በእርሱ ልክ መጻፍ ጥሩ ነው። «ልደት» የሚለውን ቃል ከመካከለኛው ፊደል ጀምሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጻፍ ያማረ ሆኖልናል። የተሳሳተውን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያጠፋዋል።

ከሁሉም የወደድነው ግን ውስጡን ዕቃ መሙላት ነው። አያታችን መጀመሪያ ላይ ከአልጋቸው ሆነው ሲያዩን «ባዶ ነገር ዛፍ ላይ ሰቅላችሁ ምን ልትሉ ነው?» አሉ። ቆይተው እኅቴን ጠርተው ከሣጥናቸው ያረጀ ነጠላ አስወጧት፤ ጥለቱንም በመቀስ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጠው ሰጧት። ያን ጥለት በኳሱ ውስጥ በስንጥር እየገፋን ጠቀለልነው፤ ከሠራነው ሁሉ ያ ይበልጣል። በሌላው ነጭ ጤፍ ጨመርን፤ ሁለት ማንኪያ ይበቃል፣ ቢበዛ ይከብድና ክዳኑ ይነቀላል። በሌላው ደግሞ በመስከረም የተለቀመ አደይ አበባ አደረግን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ አበባው ዘቅዝቆ ተሰቅሎ እስኪሰባበር ድረስ ካልደረቀ፣ እርጥበቱ ብርጭቆውን ከውስጥ ያደበዝዘዋል፤ ሰንብቶም ይሻግታል። የእኛ አንደኛው ሻግቶ ተደፍቷል። የሚፈስሰውን ነገር ለመጨመር ወረቀት እንደ ቆሎ መጠቅለያ ሾጣጣ አድርጎ ጫፉን መቁረጥ ነው።

ዛፉን አልቆረጥንም። የአጥራችን ጽድ ሲከረከም የወደቀውን ቅርንጫፍ አሸዋ በሞላ ባልዲ አቆምን፤ የዛፉ ስም ራሱ የፈረንጅ ጽድ መሆኑን ስነግራቸው አያቴን አሳቃቸው። ኳሶቹን ከግንዱ አጠገብ ወፍራሙ ላይ ስቀሉ፤ ሕፃን ያለበት ቤት ከታች በኩል የወረቀት ጌጥ ያድርግ። ጧፍና ሻማ አጠገቡ አታብሩ፤ የደረቀ ጽድ እንደ ቤንዚን ነው።

የእኅቴ ጓደኞች አራት ሆነው መጥተው ሠርተዋል፤ ከሠሩትም አንድ አንድ ወስደዋል። እኔ ሁለተኛ ሰብሬ ስለ ነበር ለእኛ የቀሩን ስድስት ናቸው፤ በእንቁላል ካርቶን አስቀምጠናቸዋል።

ይህን እርማት በሕፃናት ክፍል ፊት ቆሜ ተናግሬአለሁ። እኅቴ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ጥያቄውን ያነሣው ልጅ ግን በዚያ አልነበረም፤ ቤተ ሰቡ በክረምት ሰፈር ለቅቆ ሄዷል አሉኝ፣ የሄዱበትንም የሚያውቅ አላገኘሁም። ወላጆቹን የምታውቁ ካላችሁ ከዚህ ወረቀት አንድ ቅጂ አድርሱልኝ፤ ትርፍ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ አለ።