ብስባሽና የመንደር ስሪት

የፍግን ኃይል ገበሬ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ይህን እያወቀ ማሳውን ያለ ፍግ የሚዘራው ስለምንድን ነው የሚለው ነው። እንጨት በጠፋበት አገር እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። አዝመራው እንደ ተሰበሰበም ከብት ሁሉ ስለሚለቀቅ፣ በማሳው የቀረውን አገዳና ቃርሚያ የማንም ከብት ይበላዋል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢተጋ ድካሙን የጎረቤት በሬ በአንድ ቀን ያጠፋበታል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ የተጀመረው ሥራ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምረናል። በዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር አነሣሽነት፣ የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በአራት የገበሬ ማኅበረሰቦች ሲጀምር፣ ገበሬዎቹ የተማሩት የብስባሽ አሠራርን ብቻ አልነበረም። የማን ከብት የት እንደሚሰማራ፣ ደንቡን የጣሰም ምን እንደሚቀጣ ራሳቸው ተመካክረው በስሪት ወሰኑ። ከብት በበረት ታስሮ ሣር እየታጨደ ሲቀርብለት እበቱ በአንድ ስፍራ ይከማቻል፤ ከከብት የተጠበቀው ዛፍም አድጎ ማገዶ ሲሆን እበቱ ከምድጃ ይተርፋል። በእኛ አስተያየት የሥራው ቁልፍ ይህ ስሪት ነበር፤ ከውጭ የመጣ ደንብ ቢሆን ኖሮ ዘበኛው ዞር ሲል በፈረሰ ነበር።

በኋላ ከገበሬዎች ማሳ የተሰበሰበው የምርት መዝገብ፣ ብስባሽ ያገኘው እህል ምንም ካላገኘው በአማካይ እጥፍ ገደማ እንደ ሰጠ፣ በአብዛኛው የእህል ዓይነትም ከፋብሪካ ማዳበሪያ እንደ በለጠ አሳየ። (እርግጥ ገበሬ ብስባሹን የሚያፈስሰው ይበልጥ በሚሳሳለት ማሳ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ማስታወስ ይገባል።) የብስባሽ ኃይል ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ጭምር ይተርፋል። በዱቤ የተወሰደ ማዳበሪያ ግን ዝናም ቢጠፋም ዕዳው ይከፈላል።

በየቁምስናው የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ጊዜውንም ልብ በሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አረሙና ቅጠሉ ለምለም፣ ምድሩም እርጥብ ነው። ያን ጊዜ ደረቅ አገዳ፣ እርጥብ ቅጠል፣ ጥቂት እበት፣ አመድና አፈር በየተራ እየተነባበሩ በጉድጓድ ቢከመሩ፣ እርጥበቱም ቢጠበቅ፣ በሦስት ወይም በአራት ወር ይበስላል።

ከብት የሌላት እናት ይህን ሁሉ ሰምታ «እኔስ?» ማለቷ አይቀርም። ለብስባሽ ብዙ እበት አያስፈልግም፤ አረም፣ የቤት ጥራጊና አመድ ከጥቂት አሮጌ ብስባሽ ጋር ይበቃል። የሚከብዳት ጉድጓዱን መቆፈርና ብስባሹን ወደ ማሳ ማጋዝ ነው። ስለዚህ መንደሩ ስለ ግጦሽ ስሪት በሚያወጣበት ቀን፣ ለእርስዋ የሚወጣው ደቦም አብሮ ይቈረጥ።