ጥይት የነከሰበት ጠመንጃና የአጥቢያው ጥበቃ

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ አጥቢያዎች ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው ዘበኛ ብዙ ጊዜ ጠመንጃ ይይዛል። በክረምቱ ጉምና ካፊያ መጉረሻው ዝጎ ጥይት ሲነክስበት፣ መሣሪያውን እንደ ባዶ መቁጠር አደገኛ ነው።

ቃታ ተስቦ ጥይቱ ከከሸፈ፣ አፈሙዙ ሰውም ከብትም ወደሌለበት የአፈር ዳገት እንደተመለከተ ይቆይ። ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ስለሚችል ቢያንስ 1 ደቂቃ ሳይከፍቱ መጠበቅ ይገባል። ከዚያ ጣትን ከቃታ አርቆ፣ ካዝናውን አውልቆ፣ መዝጊያውን በእጅ ብቻ ወደ ኋላ መሳብ ነው። እምቢ ካለ በዚያው ይብቃ። በአፈሙዝ በኩል ዘንግ መስደድ፣ በድንጋይ መቀጥቀጥ ወይም ብረቱን ማሞቅ ጥይቱን ሊያፈነዳው ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ድምፁ የደከመ ተኩስ ነው። እርሳሱ በቱቦው መካከል ቀርቶ ሳለ ሌላ ጥይት ቢተኮስ ብረቱ ሊፈነዳ ይችላል።

በ2013 ዓ.ም ማብቂያ በጭናና በአካባቢው ከተካሄደው ውጊያ የቀረ፣ ዝናብ የመታው ጥይት ቢገኝ ለዘበኛ ማደል ቁጠባ አይደለም፤ ሳይነኩ ለፖሊስ ማመልከት ይሻላል።

ሰበካ ጉባኤው ጥይት የነከሰበትን መሣሪያ ወደ ዕቃ ቤት አያስገባ፤ በመኪናም ወደ ከተማ አይላክ። ለወረዳው ፖሊስ አስታውቆ፣ ባለሙያ እስኪመጣ አፈሙዙ ወደ ለስላሳ አፈር እንደዞረ ያስጠብቀው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱን አስቀድሞ ማረጋገጥም የጉባኤው ድርሻ ነው። የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ በአቅራቢያው ካለ፣ ልጆቹን ማራቅ ከሁሉ ይቅደም።