ከፀጉር የቀጠነ መረብ

 

ዛሬ በራሳችን አካል ውስጥ ስላለ፣ ዓይናችን ግን ስለማያየው አንድ ነገር እናስተንትን።

በአረፋ ቀን የቦንጋ በግ ሲገፈፍ አይታችሁ ይሆናል። ቆዳውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ብትስቡት አይቀደድላችሁም። ይህን ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሦስት ክሮች እርስ በርስ ተጠማዘው እንደ ገመድ ይገመዳሉ፤ ገመዶቹ ደግሞ በብዛት ተሰባስበው ወፍራም ጥቅል ይሆናሉ። የምትቀመጡበት አጎዛ ለዓመታት የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ኮላጅን ሁሉ ወፍራም ገመድ አይደለም። የላይኛው ቆዳችን ከታችኛው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ ስስ ንጣፍ አለ። ሐኪሞች ቤዝመንት ሜምብሬን ይሉታል፤ እኛ የመሠረት ንጣፍ እንበለው። ውፍረቱ በአብዛኛው ከአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ ገደማ ነው! የአንጀትና የሳንባ የውስጥ ሽፋን፣ የደም ሥሮችም ውስጠኛ ግድግዳ የተነጠፉት በእንዲህ ያለ ንጣፍ ላይ ነው።

ይህን ያህል የሳሳ ነገር እንዴት አይበጠስም? ምስጢሩ አሠራሩ ላይ ነው። እዚህ የሚገኘው ኮላጅን አራተኛው ዓይነት ይባላል። ክሩ በየመካከሉ መታጠፊያ ስላለው ይለመጣል። በአንድ ጫፉ አራት አራት ሆነው ይቆላለፋሉ፣ በሌላው ጫፍ ሁለት ሁለት። ውጤቱ ጥቅል ሳይሆን መረብ ነው። አንዱ ክር ሲሳብ ሸክሙን ለጎረቤቶቹ ያካፍላል።

የመረቡን ሥራ በግልጽ የምናየው ኩላሊት ላይ ነው። በጀበና አፍ የሚወተፈው ማጣሪያ አተላውን አስቀርቶ ቡናውን እንደሚያሳልፍ፣ በኩላሊት ያለው ንጣፍም የደም ሴሎችንና ትላልቅ ፕሮቲኖችን አስቀርቶ ውሃና ቆሻሻ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1927 አልፖርት የተባለ ሐኪም ኩላሊትን ከመስማት ችግር ጋር አንድ ላይ የሚያጠቃ፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ በጽሑፍ ገለጸ። ኋላ ላይ መንስኤው የዚህ የአራተኛው ኮላጅን ጉድለት መሆኑ ታወቀ። መረቡ ሲላላ ደም ወደ ሽንት ያልፋል፤ ጆሮም ዓይንም ይጎዳል።

አሁን ወደ እኛ ድርሻ እንምጣ። ሦስቱ ክሮች አጥብቀው እንዲገመዱ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። በጉ ይህን ቫይታሚን በራሱ ጉበት ያመርታል፤ ሳር ብቻ ግጦ ይኖራል። እኛ ግን አናመርትም። በካፋ ጫካ ዛፍ ለዛፍ የሚዘለው ጉሬዛም እንደ እኛው ነው፤ ከሚበላው ቅጠል ማግኘት አለበት። ለአንድ እስከ ሦስት ወር ያህል ጨርሶ ካላገኘነው ስከርቪ ይመጣል፦ ድድ ይደማል፣ ቁስል አይድንም፣ ቆዳ ሥር ደም ይፈሳል።

ይህ የድሮ መርከበኞች ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን ካምፖች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በስከርቪ ተይዘዋል። እህልና ዘይት ይታደላቸው ነበር፤ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ግን አልነበራቸውም። ሆድ ሞልቶ መረቡ ሊላላ ይችላል ማለት ነው።

ቦንጋና አካባቢዋ ያላችሁ ልብ በሉ። ቆጮ ያጠግባል፣ ቡና ያነቃል፤ ቫይታሚን ሲ ግን ከሁለቱም አይጠበቅም። ከቆጮው ጎን ብዙ ያልበሰለ ጎመን፣ ጥሬ ቃሪያ፣ ከጓሮ ፓፓያ ወይም ዘይቱን ይኑር። አንድ መካከለኛ ብርቱካን ወደ 70 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ለአዋቂ በቀን የሚመከረው ከ75 እስከ 90 ነው። ጎመኑን ለረጅም ሰዓት ቀቅላችሁ ውሃውን ከደፋችሁት ግን አብዛኛው አብሮ ይሄዳል።

በየስልካችን ስለሚተዋወቀው የኮላጅን ክሬምና ዱቄትም አንድ ቃል። ኮላጅን ትልቅ ስለሆነ ክሬሙ ከቆዳ በላይ ይቀራል እንጂ ከመረቡ አይደርስም። ዱቄቱም ሆድ ውስጥ ተሰባብሮ ይፈጫል፤ መረብ እንደሆነ አይገባም። በዚያ ላይ ኮላጅን ከከብትና ከዓሣ ብቻ ሳይሆን ከአሳማ ቆዳም ይሠራል። ምንጩ ያልተጻፈበትን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ለአንድ ብልቃጥ የምታወጡት ገንዘብ ስንት ብርቱካን እንደሚገዛም አስሉ።

ዛሬ ዉዱእ ስታደርጉ ውሃው የሚነካውን ቆዳ አስተውሉ። ከሥሩ ማንም ያላየው መረብ ይዞታል። አማና ነውና የሚያስፈልገውን አትንፈጉት።