«አይቃጠልም፣ አይቀልጥም»፦ አንድ የቆየ የመጽሔት ሽፋን እንዴት ይነበባል?

ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 1924 ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የነበረው የአንድ ሰው ፊት ብቻ ነው። ሰውየው ሊዮ ቤክላንድ ይባላል፤ ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ተወልዶ አሜሪካ ሄዶ የከበረ ኬሚስት ነው። ከሥሩ ስለ ፈጠራው ስለ ባክላይት የተጻፈው «አይቃጠልም፣ አይቀልጥም» የሚል ነበር። ዕቃው ራሱ ሽፋኑ ላይ የለም።

ልብ በሉ፤ ሙገሳው በሙሉ «አይ» ነው። የዘመኑ አንባቢ ግን ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ሴሉሎይድ እሳት ሲነካው ቦግ የሚል ነው። ለኤሌክትሪክ መከላከያ የሚውለው ሼላክ ደግሞ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ስለነበር ውድ ነው፤ ሲሞቅም ይለሰልሳል። ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 ፌኖልንና ፎርማልዴሃይድን በሙቀትና በግፊት አዋህዶ ሁለቱንም ችግር ፈታ። ሞለኪውሎቹ እንደ መረብ እርስ በርስ ስለሚተሳሰሩ፣ ባክላይት እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነው፦ አንዴ ከጠነከረ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም።

እዚህ ሆላንድም ፊሊፕስ አይንድሆቨን ላይ ይህንኑ ቁስ «ፊሊት» በሚል ስም ለሬዲዮ ሣጥን አውሎታል። (ፊሊት ሲባል የትንኝ መድኃኒት ትዝ የሚለን እኛን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።) ከኦስዶርፕ በትራም ወደ መሀል ከተማ ወርዶ ዋተርሎፕላይን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ለሚዞር ሰው፣ ጥቁር ስልክና ቡናማ ሬዲዮ ማየት ብርቅ አይደለም። ሽፋኑ አልዋሸም፤ ዕቃው አለ።

የተለወጠው ተስፋው ነው። ላይፍ መጽሔት ነሐሴ 1 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. ባወጣው እትም፣ በውስጥ ገጹ፣ ባል፣ ሚስትና ልጅ ሳህንና ኩባያ ወደ ሰማይ ሲወረውሩ አሳየ። ይህን ሁሉ ለማጠብ 40 ሰዓት ይፈጅ ነበር ይላል ጽሑፉ፤ አሁን ግን ተጠቅሞ መጣል ነው። በ31 ዓመት ውስጥ የሚያኮራው ነገር ከማይጠፋ ዕቃ ወደሚጣል ዕቃ ዞረ። የኦስዶርፕ ፎቆች የተሠሩትም በዚያው ተስፋ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ነው።

አገራችን ሁለቱም ተስፋ ደርሷታል። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ከባዱን የሸክላ እንስራ ከስንት እናት ጀርባ አውርዷል፤ ይህን የሚያቃልል የአካባቢ ጥበቃ ክርክር አይጥመኝም። ፌስታሉ ግን ቦዩን ደፈነው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ የነበረ ቢሆንም ፌስታል ከሱቅ አልጠፋም።

ቆራሌው ይህን ኬሚስትሪ ሳይማር ያውቀዋል። ጀሪካን ፖሊኤትሊን ስለሆነ ይቀልጣል፤ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ስለዚህ ይገዛዋል። የተሰበረ የባክላይት መጥበሻ እጀታ ግን አይቀልጥም፤ አይገዛውም።