ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር፦ ለጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ ስኪመር እንዴት ይመረጣል?

በዚህ ሴሚስተር የተሰጠን የቤት ሥራ «አንባቢ የማያውቀውን አንድ መሣሪያ በአማርኛ አስረዱ» የሚል ነበር። ጓደኞቼ የውኃ ቆጣሪና የሞባይል ማማ ሲመርጡ እኔ ዱባይ ለሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። ወንድሜ በየቪላው እየዞረ የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ፣ ማለትም አኳሪየም፣ ይንከባከባል። «አንተ ልጅ፣ በጥሩ ሰዓት ደወልክ፤ እኔም የቤት ሥራ አለብኝ» አለኝ። ለአንድ ደንበኛ የሚገዛውን ፕሮቲን ስኪመር እንዲመርጥ አሠሪው ለእርሱ ትቶለት ኖሯል። ባለፈው ዓመት የካርቶኑን ቁጥር አምኖ የመረጠው ስኪመር አንሶ ተገኝቶ፣ ውኃው ቢጫ ሆኖ፣ ዋቅላሚው ገንዳውን ወርሶ፣ ኮራሉ ቀስ በቀስ ሞቷል። ኪሣራው ከደመወዙ ተቆረጠ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእኔ የማርክ፣ ለእርሱ ግን የደመወዝ ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ስኪመር ምንድን ነው? እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ወይም ሥጋ ሲቀቅሉ ከላይ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ ይገፉታል። ስኪመርም ይህንኑ ሥራ ያለ ማንኪያ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ረዘም ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ በፓምፕ ውኃና አየር ይገባበታል፤ አየሩም ወደ ጥቃቅን አረፋ ይሰባበራል። ከዓሣ ኩስና ከተራረፈ ምግብ ወደ ውኃው ከሚሟሟው ቆሻሻ ውስጥ ብዙው እንደ ሳሙና ነው፤ አንዱ ጫፉ ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ውኃ ይሸሻል። የሚሸሸው ጫፍ ወደ አየሩ ዞሮ አረፋው ገጽ ላይ ይለጠፋል። አረፋው አንገቱ ውስጥ ሲወጣ ውኃው እየተንጠፈጠፈ ወደ ታች ይመለሳል፤ የቀረው ወፍሮ ከላይ ያለው ኩባያ ውስጥ ይገለበጣል። ኩባያው ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ሲያዩት ጠቆር ያለ ጠላ ይመስላል፤ ሽታውን ግን ወንድሜ ምሳ ሰዓት ላይ ሊነግረኝ አልፈለገም።

ዋናው ጥቅሙ ቆሻሻው ወደ አሞኒያ፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ከመለወጡ በፊት መውጣቱ ነው። አንዴ ከተለወጠ ስኪመር አያገኘውም። በነገራችን ላይ፣ ይህ መሣሪያ በአንዳንድ ሆቴሎች መግቢያ ለምናየው ጨው ለሌለው ገንዳ ብዙም አይረባም፤ ጨው በሌለበት አረፋዎቹ እርስ በርስ እየተዋሃዱ ይተልቁና ቶሎ ይፈነዳሉ።

እንግዲህ ወደ መጠኑ እንምጣ። ካርቶኑ «ለ100 ጋሎን» ይላል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቁጥር ስናይ «ማን አለው? እንዴትስ ለካው?» ብለን እንድንጠይቅ ተምረናል። ያለው ሻጩ ነው። የስኪመር አምራቾች ሁሉ የሚገዙበት አንድ የጋራ መለኪያ የለም፤ አንዱ ጥቂት ዓሣ ያለበትን ገንዳ አስቦ ይጽፋል፣ ሌላው ብዙ ዓሣ ያለበትን። አንዳንዶቹ ለቀላል፣ ለመካከለኛና ለከባድ ጭነት ብለው ሦስት ቁጥር ይሰጣሉ፤ ችግሩ ካርቶኑ ፊት ላይ በትልቁ የሚታተመው ብዙ ጊዜ የቀላሉ መሆኑ ነው። ወንድሜን ያሳተውም ይኸው ነው። ጋሎኑ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። የአሜሪካው 3.785 ሊትር፣ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር ነው። ስለዚህ 100 ጋሎን ወይ 379 ወይ 455 ሊትር ሊሆን ይችላል!

ቀጥሎ የገንዳው ትክክለኛ ውኃ መታወቅ አለበት። የአሁኑ ደንበኛ ገንዳ 120 በ50 በ50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 300 ሊትር ይመጣል። ይሁን እንጂ ውኃው የሚሞላው እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 270 ሊትር ነው። ድንጋዩና አሸዋው ወደ 30 ሊትር የሚሆን ቦታ ይይዛሉ ቢባል 240 ይቀራል። ከገንዳው ሥር ማጣሪያዎቹ የሚቀመጡበት ሳምፕ የሚባል ሳጥን አለ፤ 60 ሊትር ይዟል። ድምሩ ተመልሶ 300 ሆነ። እኔ ይሄን ስሰማ ሳቅሁ፤ ወንድሜ ግን «ሁልጊዜ እንዲህ እኩል አይመጣም፤ ዝም ብለህ አስላ» አለኝ።

ከውኃው ይልቅ ግን የሚወስነው ውኃው ውስጥ ማን እንደሚኖርና ምን ያህል እንደሚበላ ነው። ሁለት 300 ሊትር ገንዳዎችን እንውሰድ። አንደኛው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ክላውን ዓሣና ኮራል አለ። ሁለተኛው ውስጥ ሥጋ በል የሆነው ላየን ፊሽ ከነባልንጀሮቹ ሽሪምፕና የዓሣ ሥጋ ይቀለባል። የውኃቸው መጠን አንድ ነው፤ ቆሻሻቸው ግን አይገናኝም። ለመጀመሪያው የቀላል ጭነቱን ቁጥር ማየት ይበቃል፤ ለሁለተኛው የከባዱ ቁጥር ነው ከ300 በላይ መሆን ያለበት።

እኔ የዋሁ «ታዲያ ለምን ትልቁን ገዝተህ አትገላገልም?» አልኩት። ለካስ እሱም ስሕተት ነው። ሰፊ አንገት ያለው ትልቅ ስኪመር ጥቂት ቆሻሻ ባለበት ገንዳ ሲገባ አረፋው የሚያቆመው ነገር ያጣል፤ ወደ ላይ ይወጣና ኩባያው ጋ ሳይደርስ ይፈርሳል። አንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለት ቀን ያርፋል። ስለዚህ ትንሽ ከፍ ማለት እንጂ እጥፍ ድርብ ማለት አያዋጣም። ሁለት ስኪመሮችን ለማወዳደርም የፓምፑን ዋት ሳይሆን በሰዓት ስንት ሊትር አየር እንደሚስብና የቱቦውን ስፋት ማየት ይሻላል፤ ሥራውን የሚሠራው አረፋው ነውና።

ዋጋውስ? እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ኬን ፌልድማንና ባልደረቦቹ የተለያዩ ስኪመሮችን ፈትነው ነበር። መሣሪያዎቹ ማውጣት የቻሉት ውኃው ውስጥ ከተለካው ኦርጋኒክ ካርቦን በግምት ከ20 እስከ 35 በመቶውን ብቻ ነው። የቀረው አረፋ ላይ አይለጠፍም፤ ለባክቴሪያ፣ ለከሰልና ውኃ ለመቀየር የሚተው ነው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ ባለፈው ዓመት ጥፋቱ ሁሉ የስኪመሩ ብቻ አልነበረማ» አለ። ውኃ የመቀየሩን ፕሮግራም ያራዘመው እርሱ አልነበረም። የተቆረጠው ደመወዝ ግን አልተመለሰም።

ሌላው በቀላሉ የሚረሳው ቁመት ነው። ስኪመሩ ሳምፑ ውስጥ የሚቆምበት የውኃ ጥልቀት አምራቹ ከጻፈው ጋር መግጠም አለበት። ኩባያውን አንስቶ ለማጠብ ከላይ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ወንድሜ አንድ ጊዜ የካቢኔውን ጣሪያ በመጋዝ ቆርጧል፤ የማን ቤት እንደሆነ አልጽፍም።

በመጨረሻ የመረጠው የካርቶኑ ፊት «እስከ 800 ሊትር» የሚለውን፣ ነገር ግን ለከባድ ጭነት 350 ሊትር ተብሎ የተጻፈበትን ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልወጣውም። አዲስ ፕላስቲክ ላይ የቀረ ቅባት አረፋውን ስለሚያፈርስ እስኪለማመድ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አሠሪው በየቀኑ እየደወለ «ሠራ?» ሲለው ነበር። በአራተኛው ቀን ደግሞ ምሳ በልቶ እጁን በደንብ ሳይታጠብ ገንዳው ውስጥ ስለከተተው ጥቂት የጀመረውም አረፋ ለሰዓታት ጠፋ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ ደወለልኝ። ኩባያው ግማሽ ደርሷል፤ ቀለሙም ጠላ መስሏል። አሁን በየሦስት ቀኑ ያጥበዋል፤ አንገቱ ላይ ዝቃጭ ሲለጠፍ አረፋው መውጣቱን ያቆማልና።