ዋጋ በምን ይካፈላል?

በፊዚክስ ፈተና ላይ የመለኪያ አሃዱ ያልተጻፈ መልስ ሙሉ ነጥብ አያገኝም። «ፍጥነቱ 20 ነው» የሚል ተማሪ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሁን በሰከንድ ሜትር ካልገለጸ ምንም አልነገረንም። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋጋም ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። «3.20 ዩሮ» የአንድ ጥቅል ዋጋ ነው፤ ጥቅል ግን የመለኪያ አሃድ አይደለም፤ መጠኑን አምራቹ እንዳሻው ይወስነዋልና።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው መመሪያ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከመሸጫው ዋጋ ጋር የአንድ ኪሎ ግራም ወይም የአንድ ሊትር ዋጋ እንዲጻፍ ያስገደደው ለዚህ ነው። ለምሳሌ 400 ግራም ብስኩት 3.20 ዩሮ፣ 360 ግራም ደግሞ 3.00 ዩሮ ቢሸጥ፣ ሁለተኛው የረከሰ ይመስላል። በኪሎ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 8.00፣ ሁለተኛው 8.33 ዩሮ ነው።

እዚህ ላይ ዓይናችን እምብዛም አይረዳንም። በመደብ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ቢያንስ ክምሩን ያያል፤ የታሸገ ሣጥን የሚገዛ ግን የሚያየው ካርቶኑን ነው። የአንድ ሣጥን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው በ3 በመቶ ቢቀነሱ ልዩነቱን ማንም ልብ አይለውም። ይዘቱ ግን 0.97 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም 0.913 ይሆናል፤ ወደ 9 በመቶ የሚጠጋ ቅናሽ ማለት ነው። የጥቅሉ ዋጋ ካልተነካ፣ 1 ለ0.913 ሲካፈል፣ የይዘቱ ነጠላ ዋጋ በ9.6 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጭማሪ አይደለም፤ ያውም ሳይነገረው።

ይሁንና ቁጥሩን መጻፍ ብቻውን አይበቃም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄ. ኤድዋርድ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት፣ ነጠላ ዋጋዎች በየሸቀጡ ሥር ተበታትነው ከሚለጠፉ ይልቅ በአንድ ዝርዝር በቅደም ተከተል ሲቀርቡ ሸማቾች የበለጠ እንደተጠቀሙባቸው አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየተዘዋወሩ ዐሥር ቁጥሮችን በቃል ይዞ ማወዳደር አድካሚ ነው። የአሃዶች መደበላለቅም አለ። የእንግሊዝ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ፣ ተመሳሳይ ሸቀጦች አንዱ በ100 ግራም ሌላው በኪሎ ግራም፣ አለዚያም በፍሬ ቁጥር ዋጋቸው ተጽፎ መገኘቱን፣ አንዳንዱም ጽሑፍ ለማንበብ የሚያስቸግር መሆኑን አመልክቷል። አንድን ሰንጠረዥ ግማሹን በሜትር፣ ግማሹን በክንድ እንደ መሙላት ነው።

ፈረንሳይ ከዚህ አልፋ ሄዳለች። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው በዋናነት ምግብ የሚሸጡ መደብሮች፣ መጠኑ ተቀንሶ ነጠላ ዋጋው በጨመረ ሸቀጥ አጠገብ የቀድሞውንና የአሁኑን መጠን፣ እንዲሁም የነጠላ ዋጋውን ጭማሪ የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዲለጥፉ ታዘዋል። ግዴታው የሚጸናው ለሁለት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማካፈሉ እንደ ቀድሞው የሸማቹ ሥራ ይሆናል።